ፍሎት የተደረገ ፎቶ ከሳጥኑ ሲያፈተልክ

ምልክቱ፦ በሲኤስኤስ (CSS፣ የድረ-ገጽ መልክ የሚጻፍበት ቋንቋ) በተሠራ ገጽ ላይ የዜናው ሳጥን ግራጫ ባክግራውንድና ቦርደር (የጠርዝ መስመር) አለው። ፎቶው ፍሎት ሌፍት ነው፣ ማለትም ወደ ግራ ተጠግቶ ጽሑፉ በጎኑ ያልፋል፤ ጽሑፉ ሁለት መስመር ብቻ። ቦርደሩ ከጽሑፉ ሥር ይዘጋል፣ ፎቶው ግን ወደ ታች ተንጠልጥሎ የሚቀጥለውን ርዕስ ወደ ጎን ይገፋል። ውስጡ ያለው ሁሉ ፍሎት ከሆነማ ባክግራውንዱ ጭራሽ አይታይም።

ምክንያቱ፦ ብሮውዘሩን አትውቀሱት። ፍሎት የተደረገ ነገር ከመደበኛው ፍሰት ይወጣል፤ ወላጁ ዲቭ (ፎቶውን የያዘው ሳጥን) ቁመቱን ሲያሰላ አይቆጥረውም። እንዲህ የተደረገው ረጅም ፎቶን ቀጣዩ አንቀጽም ዞሮት እንዲያልፍ ነው።

መፍትሄው፦ ወላጁ ላይ ዲስፕሌይ ፍሎው-ሩት (display: flow-root) ጻፉ። አለቀ። ዲቩ የራሱን ብሎክ ፎርማቲንግ ኮንቴክስት (ከውጭው የተለየ የአቀማመጥ ክልል) ስለሚከፍት ፍሎቶቹንም ይቆጥራል። ክሮምና ፋየርፎክስ ከ2017፣ ሳፋሪ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያውቁታል። የልጆቹ (በዲቩ ውስጥ ያሉት ነገሮች) ማርጂን፣ ማለትም የውጭ ክፍተት፣ ከዲቩ አልፎ መውጣቱ ስለሚቀር ክፍተቱ ትንሽ ቢሰፋ አትደንግጡ።

ችግሩ ግን ሰው ይህን ትቶ ኦቨርፍሎው ሂደን (ከሳጥኑ የሚያልፈውን ቆርጦ የሚደብቅ ትእዛዝ) ይለጥፋል። ቁመቱ ይስተካከላል፣ ሌላው ይበላሻል። አንድ ምግብ ቤት ሳይት ላይ ሜኑው ሲነካ ምንም አይወርድም ነበር። የሳይቱ ሠሪዎች ጃቫስክሪፕቱን ሲበረብሩ ሰንብተዋል። በብሮውዘሩ መፈተሻ ኢንስፔክት ሳደርገው ንዑስ ሜኑው በትክክል ተከፍቷል፤ ከሄደሩ ጠርዝ በታች ያለው ግን በሙሉ ተቆርጧል። ሂደኑን አውጥቼ ፍሎው-ሩት ስተካ ወረደ። ሂደን በሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ነገሮች ቦክስ ሻዶውም (ጥላ) እንዲሁ ይቆርጣል። ፖዚሽን ስቲኪ (ገጹ ሲንሸራተት ነገሩን ቦታው ላይ የሚያስቀር) አልሠራ ሲላችሁም መጀመሪያ ወላጆቹ ላይ ኦቨርፍሎው ፈልጉ።

ሃይት (ቁመት) 300 ፒክስል ብለው የሚገላገሉም አሉ። እባካችሁ ተዉ! ላፕቶፕ ላይ ያምራል። ስልክ ላይ የአማርኛው ርዕስ አራት መስመር ሲሆን ጽሑፉ ከሳጥኑ ይፈሳል። ያንን ደግሞ በሂደን ቆርጠው የዜናውን መጨረሻ የሚያስቀሩ አይቻለሁ።

አሮጌ ኮድ ላይ ክሊርፊክስ (ሳጥኑ ፍሎቶቹን እንዲቆጥር የሚያደርግ የድሮ ዘዴ) ካለና የሚሠራ ከሆነ አትነካኩት። ካልሠራ አፍተሩ (ከሳጥኑ ይዘት መጨረሻ በሲኤስኤስ የሚጨመር ክፍል) ላይ ኮንቴንት መኖሩን እዩ፤ ባዶም ቢሆን መጻፍ አለበት፣ አለዚያ አፍተሩ አይፈጠርም። ፉተሩ (የገጹ ግርጌ) ላይ ክሊር ቦዝ (ከፍሎቶቹ በታች ጀምር የሚል ትእዛዝ) ማድረግ ፉተሩን ያወርዳል እንጂ ሳጥኑን አያሳድግም።

በፍሎት ጎን ለጎን ካሉት ሁለተኛው ኮለም ወደ ታች ከወረደ ፓዲንጉ (የውስጥ ክፍተቱ) ስፋቱን ከ100 ፐርሰንት አሳልፎት ይሆናል፤ ፓዲንጉና ቦርደሩ በስፋቱ ውስጥ እንዲቆጠሩ ቦክስ ሳይዚንግ ቦርደር-ቦክስ አድርጉት። ወላጁ ፍሌክስ (ልጆቹን በራሱ የሚደረድር የአቀማመጥ ዘዴ) ከሆነ ደግሞ የልጆቹ ፍሎት ዋጋ የለውም፤ አጥፉት።