አትክልት ብቻ የሚበላ ጓደኛ ይዞ አንኮበር ለሚወጣ

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይበቃል። ችግሩ ምሳ ነው።

ባለፈው ሥጋም ወተትም እንቁላልም የማትነካ ጓደኛችንን ይዘን በበዓለ ሃምሳ ሄድን። ሞኝነት! ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ምግብ ቤቱ የጾም ምግብ አልሠራም ነበር፣ ሽሮውም ገና ሲቀርብ ላዩ ላይ ቅቤው ያብለጨልጫል። ልጅቷ ደረቅ እንጀራ በሚጥሚጣ በላች። እኛም አፈርን።

ስለዚህ ከቻላችሁ በጾም ወቅት ወይም ረቡዕና ዓርብ ሂዱ። ያኔ ምስሩም ጎመኑም በዘይት ነው የሚሠራው፣ ማንንም መለመን የለም። ግን «የጾም» ማለት ብቻ አይበቃም፤ በጾም ዓሣ የሚበላ ሰው ስላለ «ዓሣም አትበላም» በሉ። ሽሮ ስታዙ ደግሞ «ቅቤ አለው ወይ?» ሳይሆን «በዘይት ብቻ ሥሩልን» ነው የሚባለው፣ ምክንያቱም ለአንዳንዱ ትንሽ ቅቤ ጣል ማድረግ ቅቤ አይባልም።

ለማንኛውም በሶ ያዙ። ገብስ አገር ሆነን በሶ ማጣት ነውር ነው። ጨው፣ ትንሽ በርበሬና ዘይት አድርጋችሁ ቤት ጨብጡት። ጭኮ ከሆነ ግን ቅቤ አለው፣ እንዳትሳሳቱ። ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ኮረብታ ስትወጡ ዳገቱ ያስርባል፣ ጭጋጉም ይበርዳል፤ ጋቢ አትርሱ።