ጎዳና ላይ ያሉ ልጆችን ከነቤተሰባቸው እንዴት እንርዳ?

ልጁን ከቤተሰቡ ነጥሎ መርዳት ብዙ ጊዜ አያዛልቅም። ጫማ ትገዙለታላችሁ፣ ታበሉታላችሁ፣ ማታ ግን ተመልሶ እዚያው ይተኛል። ከጎረቤቶቼ ጋር በዚህ ሥራ ስቆይ የተረዳሁት፣ ልጅ ከጎዳና የሚነሳው አሳዳጊው አብራ ስትነሳ መሆኑን ነው።

መጀመሪያ ሰው ሰብስቡ። ከአምስት እስከ አሥር ሰው ይበቃል። አንዱ ገንዘብ ይያዝ፣ አንዱ ይመዝግብ፣ ሁለቱ ቤተሰቡ ዘንድ ይመላለሱ። በአካባቢያችሁ የሕፃናት ጉዳይ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤትና ማኅበራዊ ሠራተኛውን ከወዲሁ ተዋወቁ። ጥቃት፣ ሱስ ወይም ከባድ ሕመም ሲገጥማችሁ ቅንነት ብቻውን አያወጣችሁም።

አንድ ደንብ ላይ ድርድር የለም፤ ማንም ከልጅ ጋር ለብቻው አይሆንም። ሁልጊዜ ሁለት ሆናችሁ፣ ሰው በሚያያችሁ ቦታ።

ቀጥሎ ማንን እንደምትረዱ ለዩ

ጎዳና ላይ የምታዩት ልጅ ሁሉ ቤት አልባ አይደለም። ቀን ሲሠራ ወይም ሲለምን ውሎ ማታ ቤቱ የሚገባ አለ። ከወላጆቹ ጋር ውጭ የሚያድር አለ። ብቻውን የወጣ አለ። ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት እየተንከራተተ፣ ጎዳና ላይ ስለማይታይ ብቻ የሚረሳም አለ። ለአንዱ የሚሆነው ለሌላው አይሆንም።

ቤተሰብ ካለ መጀመሪያ የምታናግሩት ወላጁን እንጂ ልጁን አይደለም። በተመሳሳይ ሰዓት፣ ያው ሰዎች ሂዱ። የጥያቄ መዓት አታውርዱባቸው። የማትፈጽሙትን ቃል አትግቡ። ካሜራም አታውጡ፤ ልጁ ነገ ትምህርት ቤት ሲገባ ያ ፎቶ ይከተለዋል። ለጋሽ ፎቶ ካላየ አይሰጥም የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። በዝርዝር የተጻፈ የወጪ መዝገብ ያሳምነዋል።

መቀራረቡ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ምን ቢሟላላችሁ ከዚህ ትነሳላችሁ?» መልሱ እናንተ ያሰባችሁት ላይሆን ይችላል። አንዷ የኪራይ ውዝፍ ይዟታል። ሌላዋ መታወቂያ ስለጠፋባት የሚቀጥራት አጥታለች። ሌላዋ ሥራ አላት፣ ልጅ የሚይዝላት ግን የለም። ምኑንም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እወቁ።

ከባዱ፦ ቤት ውስጥ ማቆየት

ቤት ተከራይቶ ማስገባት ገንዘብ ካለ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ማቆየቱ ነው ፈተናው። የበርካታ ወር ኪራይ በአንዴ ከፍለው የተሰናበቱ ሰዎች አይቻለሁ። ገንዘቡ አለቀ፣ ቤተሰቡ ተመልሶ ወጣ። ልጆቹ ሁለተኛ ጊዜ ሲወጡ ማንንም የማያምኑ ሆነው ነበር።

ስለዚህ ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብላችሁ የወሩን ወጪና ገቢ ጻፉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ ልጁ የሚያመጣው ገንዘብ። ጫማ ጠርጎም ይሁን ለምኖ፣ ያ ገንዘብ የቤቱ እራት ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ይቆማል። ቀዳዳውን ካልሞላችሁት እናቱ መልሳ ትልከዋለች፤ ልጇን ስለማትወድ ሳይሆን ታናናሾቹ ጾማቸውን ስለሚያድሩ። ልጁ ያመጣ የነበረውን ያህል እናቱ የራሷ ገቢ እስኪኖራት በየወሩ ደጉሙ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ኪራይ ሙሉውን ክፈሉ። ከዚያ ገቢያቸው ሲጨምር ድርሻችሁን ቀንሱ። የምትቀንሱት ገቢ አይታችሁ እንጂ ወር ቆጥራችሁ አይሁን። ውሉ በቤተሰቡ ስም ይሁን። ከአከራዩ ጋር ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ኪራይ ቢዘገይ ከማስወጣቱ በፊት ለእናንተ ይደውል። ብዙ አከራይ በዚህ ይስማማል፤ የሚፈልገው ተጠያቂ ሰው ነው።

ርካሽ ነው ብላችሁ ሩቅ ቤት አትያዙ። እናቲቱ የምትሠራበት፣ ልጆቹ የሚማሩበት፣ የሚያውቁት ሰው ያለበት ቅርብ ቦታ ትንሽ ቢወደድም ይሻላል። የትራንስፖርት ወጪው የኪራዩን ቅናሽ ይበላዋል።

«መጀመሪያ አባትየው መጠጥ ያቁም፣ ከዚያ ቤት እንሰጣለን» የሚል ክርክር ይነሳል። እኔ ቤቱን አስቀድማለሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒውዮርክ ውስጥ የአእምሮ ሕመምና ሱስ ያለባቸውን አዋቂዎች ያለ ቅድመ ሁኔታ በቀጥታ ቤት የማስገባት ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ አብዛኞቹ ቤታቸውን ይዘው ቆይተዋል። ሰው የሚተኛበት ሳይኖረው ሌላውን ችግሩን መፍታት ይከብደዋል። ልጆቹን የሚመታ ሰው ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ወዲያው ማኅበራዊ ሠራተኛውን ጥሩ።

ወረቀትና ትምህርት ቤት

የልደት ምዝገባውን ቀድማችሁ ጀምሩ፤ ጊዜ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 7 ልጅ እንደተወለደ መመዝገብ እንዳለበት ይደነግጋል። ትምህርቱ ግን ወረቀቱን አይጠብቅ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣችውና በኋላ ባሻሻለችው ሕግ ቤት አልባ ልጅ ሰነድ ባያሟላም ወዲያው ይመዘገባል። እናንተ ዘንድ እንዲህ ያለ ደንብ ባይኖር እንኳ ርእሰ መምህሩን በጊዜያዊነት እንዲቀበል ለምኑት። ዩኒፎርምና ደብተር ያው ታውቁታላችሁ። ዕድሜው ገፍቶ ከሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል የሚቀመጥ ልጅ ግን በሀፍረት ያቋርጣል። ማታ ማታ የሚያስጠናው ሰው ፈልጉለት።

ብቻውን ያለ ልጅ

ቤታችሁ ወስዳችሁ አታሳድሩት። ወደ ማሳደጊያም አትሩጡ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው መመሪያ ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመለየት ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ ያስቀምጣል። ቡካሬስት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ ጥናት ደግሞ ከማሳደጊያ ወጥተው በቤተሰብ ውስጥ ያደጉ ሕፃናት፣ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት፣ የተሻለ እንዳደጉ አሳይቷል።

ለምን እንደወጣ ሳታውቁ ግን መልሳችሁ አትውሰዱት። ዱላ ሸሽቶ ከሆነ ወደ ዱላው ነው የምትመልሱት። ከማኅበራዊ ሠራተኛው ጋር ሆናችሁ መጀመሪያ ያለ ልጁ ቤተሰቡን ጎብኙ። ከዚያ በስልክ ይነጋገሩ። ከዚያ ለአጭር ጊዜ ሄዶ ይመለስ። ወላጅ ቤት የማይሆን ከሆነ አያት፣ አክስት ወይም አጎት ይፈለግ። ቤት ከገባም በኋላ ተከታተሉ። ጓደኞቹ ይናፍቁታል፤ አንዳንዱ አንዴ ጠፍቶ ይመለሳል። ያን ቀን አትቆጡት።

ገንዘቡ

በዓል ጠብቆ ከሚመጣ ትልቅ ስጦታ በየወሩ የሚመጣ ትንሽ መዋጮ ይበልጣል፤ ኪራይ በየወሩ ነውና። ሒሳቡን በየወሩ ለአባላት በሙሉ አሳዩ። የተረጂዎቹ ስም ግን አይጠቀስበት።

ሁለተኛ ቤተሰብ ለመጨመር አትቸኩሉ። የመጀመሪያው ኪራዩን በራሱ መክፈል ሲጀምር ያዙ። ያኔ እናቲቱ ፈቃደኛ ከሆነች ወደ ቡድናችሁ ጋብዟት። ውጭ ያደረች ሴት መጀመሪያ ምን እንደሚያስፈልጋት ከማናችንም በላይ ታውቃለች፤ አዲሶቹም እሷን ቶሎ ያምናሉ።