የአሮጌ ስኖሞቢል ሞተርን ጉልበት መጨመር፦ ከየት ይጀመራል?

አሮጌ ስኖሞቢል፣ ማለትም በበረዶ ላይ የሚነዳ ባለ ሞተር ተሽከርካሪ፣ ይዞ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ጭስ ማውጫ ነው። እኔ ግን መልሼ የምጠይቀው ሞተሩ አየር ያሾልክ እንደሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስኪ-ዱ፣ አርክቲክ ካትና ፖላሪስ በሚባሉ የንግድ ስሞች የተሸጡት ማሽኖች በአብዛኛው ባለ ሁለት ምት ሞተር ነበራቸው። በእነዚህ ሞተሮች የነዳጅና የአየሩ ቅልቅል ወደ ሲሊንደር የሚወጣው በኮሎው (ፒስተኑ በሚያዞረው ዘንግ) ቤት በኩል አልፎ ነው። በኮሎው ጫፎች ያሉት የዘይት ማገጃ ጎማዎች ደግሞ በዕድሜ ብዛት ይደርቃሉ። በዚያ ሾልኮ የሚገባው አየር ቅልቅሉን ያሳሳዋል፣ ማለትም ነዳጁ ከአየሩ አንጻር ያንሳል፤ የሳሳ ቅልቅል ፒስተን ያቀልጣል። ጉልበት በተጨመረበት ሞተር ላይ ደግሞ ፈጥኖ ያቀልጣል።

ስለዚህ የካርቡሬተሩንና የጭስ ማውጫውን አፍ በጎማ ይድፈኑ፤ 0.4 ባር ያህል ግፊት ያለው አየር ያስገቡና ጌጁን ይመልከቱ። ለጥቂት ደቂቃዎች ባለበት ከቆየ ደህና ነው። ከወረደ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና ውሃ ይቀቡ፤ አረፋው ቦታውን ይናገራል። ግፊቱን አብዝቶ መጨመር ደህናውን ጎማ ከቦታው ማስፈንጠር ነው። ቀጥሎ የሲሊንደሮቹን ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ ሲጨምቅ የሚፈጥረውን ግፊት) ይለኩ፤ ልዩነታቸው ከ10 በመቶ ካለፈ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ሳይታዩ ሌላ ሥራ አይጀመርም።

ከዚህ በኋላ ጉልበት በትንሽ ወጪ የሚገኘው ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ነው። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ በጠርዙና በቴስታታው መካከል የሚቀረውን ክፍተት ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ ሰፋ አድርገው ይተዉታል። ክፍተቱ ሲጠብ ቅልቅሉ ወደ መሃል ተገፍቶ በፍጥነትና በእኩልነት ይቃጠላል። ለመለካት ሁለት ለስላሳ የስታኞ ሽቦዎች በካንዴላው ቀዳዳ ያስገቡ፤ ጫፎቻቸው የሲሊንደሩን ግድግዳ በግራና በቀኝ ይንኩ። አቅጣጫቸው ከፒስተኑ ፒን ጋር አንድ ይሁን፤ አለዚያ ፒስተኑ ይንጋደድና ልኩ ይዋሻል። ሞተሩን በእጅ ዞር አድርገው ጫፉን ያሳልፉትና የተጨፈለቀውን ሽቦ በካሊፐር ይለኩ። እኔ 1.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ እጄን እሰበስባለሁ። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሚሄድ ሰው በከፍተኛ ዙር ቤላው (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ትንሽ እንደሚለጠጥ ረስቷል።

ክፍተቱን ለማጥበብ ከሲሊንደሩ ሥር ያለውን ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያ መካከል የሚገባውን ማገጃ) በቀጭን የሚለውጡ አሉ። ሥራው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሲሊንደሩ ዝቅ ስለሚል በግድግዳው ላይ ያሉት መተላለፊያዎች ዘግይተው ይከፈታሉ፣ በከፍተኛ ዙር የሚገኘው ጉልበትም ይቀንሳል። ቴስታታውን በቶርኖ ማስላጥ ይህን ችግር አያመጣም። ከዚያ በኋላ ግን ኦክታኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ያስፈልጋል፤ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ሰዓትም ከፋብሪካው ምልክት የቀደመ እንዳይሆን ይረጋገጥ። ኤታኖል ያለበትን ቤንዚን ከተቻለ ይተዉት፤ ቅልቅሉን ከማሳሳቱም በላይ የድሮ ጎማዎችን ይበላል።

መተላለፊያዎቹን በሞረድ ማስፋትን አልመክርም። በኮሎው ቤትና በሲሊንደሩ መጋጠሚያ ወደ ውስጥ የወጣ ጓርኒሲዮን ካለ መቁረጥ ይበቃል። የጭስ መውጫውን አፍ ወደ ላይ ከፍ ያደረገ ሰው በዝቅተኛ ዙር ያለውን ጉልበት ሸጦ በከፍተኛ ዙር ይገዛል፤ የተሞረደ ብረት ደግሞ አይመለስም።

አሁን ስለ ጭስ ማውጫው እንነጋገር። ሆዱ ሰፍቶ ጫፉ የሚጠበው ቱቦ ጌጥ አይደለም። ከሲሊንደሩ የወጣው የግፊት ሞገድ ከጠባቡ ጫፍ ተመልሶ፣ ሊያመልጥ የነበረውን ትኩስ ቅልቅል ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ይህን ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በምሥራቅ ጀርመኑ የኤምዜድ ሞተር ሳይክል ፋብሪካ ያራቀቀው መሐንዲሱ ቫልተር ካደን ነበር። ሞገዱ በሰዓቱ የሚደርሰው ግን በተወሰነ ዙር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለሌላ ሞተር የተሠራ ቱቦ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይገዛም።

ቱቦ ሲለወጥ ካርቡሬተሩም ይለወጣል። ዋናውን ጄት (ነዳጅ የሚያልፍበትን የካርቡሬተር ቀዳዳ) ከሚገመተው ሁለት ደረጃ አስፍተው ይጀምሩና ወደ ታች ይውረዱ፤ ከጠባብ ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት ፒስተን ያስከፍላል። ብርዱንም ያስቡ፦ ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ ወደ 25 ከዜሮ በታች ሲወርድ የአየሩ እፍጋት በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በመለስተኛ ብርድ ልክ የነበረው ጄት በዚያ ቅዝቃዜ ጠባብ ይሆናል። ለመፈተሽ አዲስ ካንዴላ አስገብተው የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ይዘው ይንዱ፤ እጅዎን ከመስጫው ሳይመልሱ ሞተሩን ያጥፉና ካንዴላውን ነቅለው የሸክላውን ሥር ይመልከቱ። ነጭ ሆኖ ጥቃቅን የአልሙኒየም ነጠብጣብ ከታየበት በዚያ ጄት አንድ ሜትር እንኳ አይንዱ።

የመጨረሻው ሥራ የሞተሩን ጉልበት በቺንጋ የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን ነው፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ይህን ስለሚዘል ነው። አዲሱ ቱቦ ከፍተኛውን ጉልበት በደቂቃ 7,500 ዙር ላይ የሚሰጥ ከሆነና ከሞተሩ ጋር የተያያዘው የፊተኛው ፍሪሲዮን ሞተሩን 6,500 ላይ ከያዘው፣ ስኖሞቢሉ ከቀድሞው ቢዘገይ አይገረሙ። ዙሩን የሚወስኑት በውስጡ ያሉት ክብደቶችና ሞላው ናቸው፦ ክብደት ሲቀነስ ዙሩ ይወጣል፣ ሲጨመር ይወርዳል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ ያውም በጥቂት ግራም ይለውጡ። ልኩን የሚወስዱት ቺንጋውና ፍሪሲዮኑ ከሞቁ በኋላ ይሁን፤ የፍሪሲዮኑ መከለያ ካልታሰረ ደግሞ ሞተሩን አያስነሡ።