ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ውሃ የሚተፋው ራዲያተር

ጭነት ይዤ የአባይን በረሃ ወጥቼ ደጀን ላይ ሞተሩን ባጠፋሁ ቁጥር፣ አሮጌው የጭነት መኪናዬ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በትርፍ ውሃ መያዣው በኩል ውሃ ያፈስ ነበር፤ በጉዞ ላይ ግን የሙቀት መለኪያው ከመካከል አያልፍም። መጀመሪያ የተጠረጠረው የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ነበር፤ ሆኖም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ከፍቼ ሳስነሳው ጓርኒሲዮን ሲበላሽ የሚታየውን አረፋ ስላላየሁ፣ ቴስታታ ለማስወረድ አለመቸኮሌ ከብዙ ወጪ አዳነኝ።

ሞተር ሲጠፋ ፖምፓውም ማራገቢያውም ስለሚቆሙ፣ በብረቱ ውስጥ የታመቀው ሙቀት ወደ ቆመው ውሃ ይገባና ለጥቂት ጊዜ ይበልጥ ያግለዋል፤ በደጀን ከፍታ ላይ ደግሞ ግፊት የሌለበት ንጹሕ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ግፊቱን ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገውን፣ 0.9 ባር (የግፊት መለኪያ) መቋቋም የነበረበትን የራዲያተሩን ክዳን፣ ሞላው ላልቶ፣ ጎሚኒው (የጎማ ማሸጊያው) በአንድ ወገን ተሰንጥቆ አገኘሁት። ወደ መያዣው የሚሄደው ቀጭን ቱቦም ጫፉ ላይ ተቀድዶ ስለነበር፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በውሃው ፈንታ አየር ይስብ ነበር።

ሁለቱንም ቀየርኩ፤ ክዳኑን ስገዛም የተጻፈበትን ግፊት ከአሮጌው ጋር አስተያየሁ። አሁን ዳገቱን እንደጨረስኩ ሞተሩን ለ4 ደቂቃ ያህል በሚኒሞ (ነዳጅ ሳልሰጥ በዝቅተኛ ዙር) አቆይቼ አጠፋዋለሁ፤ የወጣው ጥቂት ውሃም ሌሊቱን ተመልሶ ይገባል።