ኒስታቲን እየተሰጠ አልለቅ ያለ የአፍ ፈንገስ (መዋጥ ለሚከብደው ታማሚ)

ስትሮክ የመታው ወይ በአፍንጫ ቱቦ የሚመገብ ሰው ቤት ለምታስታምሙ ነው። አፉ ውስጥ ያለው ነጭ ነገር የወተት ቅሪት አለመሆኑን በእርጥብ ጎዝ ጠርጋችሁ አይታችኋል፣ ሐኪምም አይቶ ኒስታቲን (ፈሳሽ የፈንገስ መድኃኒት) አዟል ብዬ ልቀጥል።

ሳምንት ሙሉ ተሰጠ፣ ነጩ ንቅንቅ አላለም

መጀመሪያ የምጠይቀው በየት ነው የምትሰጡት ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ "በቱቦው"። ኒስታቲን እኮ ከአንጀት ወደ ደም አይገባም ማለት ይቻላል፣ ፈንገሱን የሚገድለው ሲነካው ነው፣ በቱቦ ከሄደ አፍን ዘሎ ጨጓራ ገባ በቃ። አንዲት ልጅ አባቷን ስታስታምም ስልኳ ላይ አላርም ሞልታ አንድ ሰዓት ሳታዛንፍ በቱቦ ትሰጥ ነበር፣ የአባትየው ምላስ ግን እርጎ የተቀባ ይመስላል። እሷ ምን ታድርግ፣ "በቀን 4 ጊዜ" ብቻ ጽፎ የሚሸኝ ባለሙያ ነው የሚያናድደኝ።

መፍትሄው መቀባት ነው። ቀና አርጋችሁ አስቀምጡት፣ ካልቻለ በጎኑ፣ በጀርባው ተንጋሎ ግን በፍጹም። ጠርሙሱን በደንብ ናጡት፣ መድኃኒቱ ታች ስለሚዘቅጥ ያልናጠ ሰው መጀመሪያ ቀጭኑን መጨረሻ ዝቃጩን ነው የሚሰጠው። የታዘዘውን በስሪንጅ ቅዱና ትንሽ ትንሽ ጎዝ ላይ እያረጋችሁ ጉንጭና ድድ መሀል፣ ምላስ ላይና ስሩ፣ ላንቃ ላይ ቀቡ። የማይታዘዝለት ጎን ያለውን ጉንጭ አትለፉ፣ ምግብ ተሸጉጦ የሚቀረው እዛ ነው። ጎዙ ይርጠብ እንጂ አይንጠባጠብ። በስሪንጅ አፍ ውስጥ መጭመቅ ክልክል ነው፣ ሳንባ ይገባል! ጣት በጥርስ መሀል አይገባም፣ ይነክሳችኋል። ጥጥ አትጠቀሙ፣ ክሩ ይቀራል። ርካሹን ባለ ስፖንጅ እንጨትም እኔ አላምነውም፣ ስፖንጁ ተነቅሎ ጉሮሮ ይገባል። ከቀባችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ምንም አይቅመስ፣ ነጩ ከጠፋም በኋላ 2 ቀን ቀጥሉ።

እየተቀባም አልለቀቀም

ላንቃውን በባትሪ እዩ። "በአፉ አይበላም፣ ምን ይታጠባል" የተባለ ሰው ላንቃ ላይ ቡናማ ደረቅ ቅርፊት ይጋገራል፣ መድኃኒቱ ከላይ ይቀባል ፈንገሱ ከስር ተመችቶት ይኖራል። በእርጥብ ጎዝ ደጋግማችሁ አለስልሱት፣ በግድ አትላጡት፣ ይደማል። በቱቦ ቢመገብም ጥርሱ በቀን 2 ጊዜ ይቦረሽ። ማር የምትቀቡ ደግሞ ተው በናታችሁ።

ለቆ ይመለሳል

ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ ማታ ይውለቅ፣ ይቦረሽ፣ ይዘፍዘፍ። ክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ የአፍ መጉመጥመጫ) የምትጠቀሙ ከኒስታቲኑ ጋር አታገናኙት፣ መድኃኒቱን ያከሽፈዋል። ስቴሮይድ ያለው የአስም ኢንሄለር (የሚነፋ መድኃኒት) የሚወስድ ከሆነ ከእያንዳንዱ በኋላ አፉን ጥረጉ። ስኳሩን አስለኩ።

የከንፈር ዳር ተሰነጠቀ

ይሄው ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል፣ ምች ነው ብላችሁ ዳማከሴ ከመቀባታችሁ በፊት አፉን ክፈቱና እዩ።

ሲውጥ ያመዋል፣ ወይ ድንገት ምግብ እምቢ አለ

ፈንገሱ ወደ ምግብ ቧንቧ ወርዶ ሊሆን ይችላል፣ መቀባት አይበቃም፣ ኤችአይቪም ይመርመር። ብዙ ጊዜ ፍሉኮናዞል የሚባል ሌላ የፈንገስ መድኃኒት ይታዘዛል፣ እሱ ከአንጀት ደም ውስጥ ስለሚገባ በቱቦ ቢሰጥም ይሠራል። ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛ) የሚወስድ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ሳትናገሩ እንዳታስጀምሩ፣ አፍ ላይ የሚቀባው የማይኮናዞል ጄልም እንደዛው፣ ሁለቱም ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኙ ደም ሊያፈሱ ይችላሉ። ጄሉ ወፍራም ስለሆነ መዋጥ የሚከብደውን ሊያንቀውም ይችላል፣ እንደ ከረሜላ የሚመጠጠውን የፈንገስ ክኒን ክሎትሪማዞልን ደግሞ ጭራሽ አታስቡት።

ስትቀቡ ካሳለ ወይ ድምፁ ጉርርር ካለ አቁሙ። ከዛ በኋላ ትኩሳት ወይ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከመጣ በዛው ቀን ሐኪም ቤት።