ወፎቹ በዝተዋል፤ ግን በእኛ ሥራ ነው? እንዴት እንደሚጣራ

ጣና ዳር ለወፍ ተብሎ ብዙ ሥራ ይሠራል። እምቦጭ ይነቀላል፣ ደንገል ይተከላል፣ ረግረጉ ከብት እንዳይገባበት ይታጠራል። ሁሉም ላብ የፈሰሰበት ነው። ከዚህ ሁሉ ወፎቹን የጠቀማቸው የትኛው ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ለመጠየቅ ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም። ደብተር፣ ትዕግሥትና ትንሽ ሥርዓት ይበቃል።

መጀመሪያ ወፏንና ችግሯን ለዩ። «ወፎችን እናድን» ብቻ ብሎ መነሳት የትም አያደርስም። የትኛዋን? ከምን? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሕንድና ፓኪስታን ውስጥ ጥንብ አንሳዎች በገፍ አለቁ። ምክንያቱ የታወቀው በ2004 ነው፦ ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ። መድኃኒቱ ያለበትን ጥንብ የበላ ወፍ ኩላሊቱ ይበላሽና ይሞታል። ሕንድ በ2006 መድኃኒቱን ለከብት ሕክምና እንዳይውል አገደች። ከዚያ በፊት ጎጆ ቢሠራላቸው ወይም ዛፍ ቢተከልላቸው ምን ይፈይድ ነበር?

ቀጥሎ፣ ሌላ ቦታ ተሞክሮ እንደሆነ አንብቡ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጀመሩት ኮንሰርቬሽን ኤቪደንስ የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ በነጻ ነው። እርምጃዎቹን አንድ በአንድ ይዘረዝርና ማን የት ሞክሮ ምን እንዳገኘ በአጭሩ ይነግራችኋል። እዚያ ላይ «ውጤቱ አይታወቅም» የሚል ካያችሁ «አይሠራም» ብላችሁ እንዳታነቡት። በቂ ጥናት የለም ማለት ነው። ደግሞ አብዛኛው ጥናት የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ነው። ከብቱም ገበሬውም ዓሣ አጥማጁም አንድ ረግረግ በሚጋሩበት በእኛ አገር ያው ውጤት ይመጣል ብላችሁ አትደምድሙ።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፦ ማነጻጸሪያ ቦታ። እኔ የወደቅሁት እዚህ ነው።

ከባሕር ዳር ብዙ ሳንርቅ ከጓደኞቼ ጋር አንድ ደንገላማ ዳርቻ አጠርን። ነሐሴ ላይ ቆጠርን፤ ወፉ ጥቂት ነበር። ኅዳር ላይ ስንመለስ ውሃው በዳክዬ ተሞልቷል። ተቃቀፍን። ሪፖርት ጻፍን፣ ፎቶ ለጠፍን፣ ሌሎችም እንዲያጥሩ ቀሰቀስን። አንድ ቀን ታንኳቸውን ዳር ላይ እያሰሩ የነበሩ አዛውንት ደስታዬን ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ እነዚህ እኮ አጥር ባይኖርም ይመጣሉ» አሉኝ። «ሁልጊዜም ከመስቀል በኋላ ነው የሚመጡት።» «እውነት አባባ?» አልኳቸው። በመቅዘፊያቸው ወዲያ ማዶ አሳዩኝ። ያልታጠረው ዳርቻም በወፍ ተሞልቶ ነበር።

ወፎቹ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ ናቸው። ብርዱ ሲያልፍ ይመለሳሉ። እኛ የለካነው የወቅቱን መቀያየር ነበር፤ አጥሩን አልነበረም። ያ ሪፖርት ዛሬም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም አምነውን ገንዘብ ያወጡ ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር ሁለት ተመሳሳይ ቦታ ምረጡ። አንዱ ላይ ሥሩ፣ ሌላውን እንዳለ ተዉት። ሁለቱንም ከሥራው በፊትም በኋላም፣ በአንድ ዓይነት ወር ቁጠሩ። ለምሳሌ የታጠረው ላይ ከ20 ወደ 50 ወጣ እንበል። ያልታጠረውም ከ20 ወደ 48 ከወጣ አጥሩ ጨመረ ሊባል የሚችለው 2 ወፍ ነው፤ እሱም የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። አንድ ጥንድ ቦታና አንድ ዓመት ደግሞ አይበቃም። ዝናቡ ይለያያል፣ የሐይቁ ከፍታ ይለያያል። ቢያንስ ሦስት ዓመት፣ ከተቻለም ከሁለት ሦስት ጥንድ ቦታ በላይ ያዙ። ከአውሮፓ ለሚመጡት የበጋ እንግዶች ጥር ጥሩ ወር ነው፤ ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራም በዚያው ሰሞን ስለሚካሄድ ውጤታችሁን ከሌላ ቦታ ጋር ለማስተያየት ይመቻል።

እምቦጭ የተነቀለበትን ቦታ ስትቆጥሩ በተለይ ተጠንቀቁ። አረሙ ሲነሳ ወፎቹ በዙ ወይስ ከአረሙ ውስጥ ወጥተው ታዩ? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከዚያም ሌላ፣ ፎገራ ላይ አንድ ረግረግ ታርሶ ወፎቹ ወደ እናንተ ቢሸሹ የእናንተ ቁጥር ያድጋል። በጠቅላላው ግን አንድም ወፍ አልተጨመረም።

ለዚህ ነው ከተቻለ ጎጆና ጫጩት መቁጠር የሚሻለው። አናቷ ላይ ወርቃማ ዘውድ የመሰለ ላባ ያላት፣ ጥቁሯ ክሬን የምትባለው ባለ ረጅም እግር ወፍ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብላ ተመዝግባለች። ጎጆዋን የምትሠራው በረግረግ ሣር መሃል ነው። ትልልቆቹን ክሬኖች ብቻ ብትቆጥሩ ረጅም ዕድሜ ስለሚኖሩ ጫጩት ሳያሳድጉ ዓመታት ቢያልፉ እንኳ ነገሩ ደህና ይመስላችኋል። ጎጆ ስትፈልጉ ግን በሩቁ ነው። ቀረብ ካላችሁ እናትየው ትነሳለች፣ እንቁላሉን ቁራ ይወስደዋል።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። 8 በ42 የሆነ፣ ማለትም 8 እጥፍ የሚያጎላና የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ባይኖኩላር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላው እጅ ሲንቀጠቀጥ ያስቸግራል። የስልክ ካሜራ ለቆጠራ አይሆንም። ያው ሰው፣ በማለዳ፣ ከያው ቦታ ቆሞ ይቁጠር። ቁጥሩን እዚያው ጻፉት፤ ማታ ቤት ገብታችሁ የምታስታውሱት ቁጥር ሁልጊዜ ይጨምራል።

ያልሠራውንም ጻፉ። እኛ አሁን ሁለት ዳርቻ ይዘናል፣ አዛውንቱም አብረውን ይቆጥራሉ። አጥሩ ለበጋ እንግዶች የጨመረው ነገር የለም። ባለፉት ሁለት ክረምቶች ግን ጎጆ ያየነው ከአጥሩ ውስጥ ብቻ ነው። ሁለት ክረምት ትንሽ ነው። ሦስተኛውን ሐምሌ ላይ እንጀምራለን።