ግፊቱን ከመንካትዎ በፊት፦ በሲፓፕ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የሲፓፕን ግፊት መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ጣጣውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ሲፓፕ በማስክ አየር የሚነፋ ማሽን ነው፤ እንቅልፍ ሲወስደን ጡንቻው ላልቶ የሚደፈነውን ጉሮሮ በአየር ግፊት ከፍቶ ያድራል። ግፊቱ በሴንቲ ሜትር ውሃ ይለካል፤ አብዛኞቹ ማሽኖች ከ4 እስከ 20 ይሰጣሉ። አውሮፓ የተገዛ ማሽን ሄክቶፓስካል የሚል ከሆነ ግራ አይጋቡ፤ ቁጥሩ ከሞላ ጎደል ያው ነው።

በመጥፎ ሌሊት ማግስት ግፊት መጨመር

ይህን ያህል የሚደጋገም ስህተት የለም። ሰውየው ደክሞት ይነሣል። ስክሪኑን ሲያይ ኤ ኤች አይ፣ ማለትም ትንፋሹ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ወይም እንደቀነሰ የሚናገረው ቁጥር፣ 9 ይላል። ከ5 በታች መሆን እንዳለበት ሰምቷል፤ ስለዚህ ግፊቱን ከ10 ወደ 12 ያደርገዋል። በማግስቱ 11 ያያል፤ አሁንም ወደ 14። ከዚያ ማስኩ ሲያፏጭ ያድራል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ሳምንት ሳይሞላ ማሽኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል።

ግፊት ከመነካቱ በፊት መታየት ያለበት የሚያመልጠው አየር መጠን ነው። የሲፓፕ ማስኮች የተተነፈሰው አየር እንዲወጣ ሆን ተብለው የተበሱ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ እነሱን አይድፈኑ። ችግሩ በማስኩ ጠርዝ ወይም በአፍ የሚያመልጠው ነው። ሬስሜድ የተባለው ኩባንያ ማሽኖች ከቀዳዳው የሚወጣውን ቀንሰው ያልታሰበውን ብቻ ስለሚያሳዩ በደቂቃ 24 ሊትር እንደ ገደብ ይያዛል። ጠቅላላውን ደምረው የሚያሳዩ የሌሎች ኩባንያዎች ማሽኖችም ስላሉ የአንዱን ቁጥር በሌላው ገደብ አይለኩ። ከገደቡ ሲያልፍ ግፊቱ ጉሮሮ ጋ አይደርስም፤ ማሽኑም ትንፋሹን አጥርቶ ማንበብ ስለሚያቅተው ያ 9 የሚለው ቁጥር ራሱ አይታመንም። እዚህ ላይ ግፊት መጨመር በሸንቁር እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። እንዲያውም የባሰ ነው፤ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ማስኩን ከፊት ላይ እየገፋ ሽንቁሩን ያሰፋዋል።

ማስክ የሚለካው ተቀምጦ፣ ማሽኑ ገና በ4 እየነፋ አይደለም። ተኝተው፣ በሚያድሩበት አቅጣጫ፣ ግፊቱ ሌሊት የሚደርስበት ላይ እያለ ነው። አየር ካመለጠ ማሰሪያውን ከማጥበቅ በፊት ማስኩን ከፊትዎ ትንሽ አንሥተው ፊት ላይ የሚያርፈው የሲሊኮን ጠርዙ አየር እንዲሞላ ያድርጉና መልሰው ያስቀምጡት። የፊት ወዝ ሲሊኮኑን ስለሚያንሸራትተው በየቀኑ በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ። በአፍንጫ ማስክ ተኝቶ አፉ ደርቆ የሚነሣ ሰው አየሩ በአፉ እየወጣበት ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔው የተዘጋ አፍንጫን ማሳከም ወይም አፍንና አፍንጫን አብሮ የሚሸፍን ሙሉ ማስክ ነው። ሙሉ ማስክ ግን ለአንዳንዶች ከፍ ያለ ግፊት ይጠይቃል፤ ማስክ ሲቀየር የግፊቱም ሂሳብ እንደገና ይታያል።

የመቋረጡን ዓይነት ሳይለዩ ድምሩን ማየት

ኤ ኤች አይ ድምር ነው። በውስጡ ጉሮሮ ተዘግቶ የተቋረጠውም፣ ጉሮሮ ክፍት ሆኖ አንጎል «ተንፍስ» ማለቱን ስላቆመ የተቋረጠውም አለ። ሁለተኛው ማዕከላዊ ይባላል፤ ማሽኑም ለይቶ ይጽፈዋል። ለመጀመሪያው ግፊት መድኃኒቱ ነው። ለሁለተኛው ግን መጨመሩ ሊያባብሰው ይችላል፤ ምክንያቱም አንጎል የትንፋሽ ትእዛዝ የሚሰጠው የካርቦን ዳይኦክሳይድን መጠን እያየ ስለሆነ፣ ብዙ አየር ሲገባና ጋዙ ታጥቦ ሲወጣ ትእዛዙም ይቆማል። ከ10 ወደ 12 ሲወጣ ቁጥሩ ከ9 ወደ 11 የሄደበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ሕክምናውን ገና በጀመሩ ሰዎች ላይ ይህ ይታያል፤ በብዙዎቹም በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይጠፋል። ካልጠፋ፣ ወይም የልብ ድካም ካለብዎት፣ ስትሮክ ከነበረብዎት፣ ወይም እንደ ሞርፊን ያሉ ማስታገሻዎች የሚወስዱ ከሆነ፣ ቁጥር አይንኩ፤ ይህ የእንቅልፍ ሐኪም ሥራ ነው። ሌላ ዓይነት ማሽን ማምጣትም በግምት አይሆንም። በ2015 ውጤቱ የታተመው ሰርቭ ኤች ኤፍ ጥናት እንዳሳየው፣ የልባቸው የመርጨት አቅም 45% ወይም ከዚያ በታች በሆነ ማዕከላዊ አፕኒያ (የትንፋሽ መቋረጥ) ባለባቸው ሕሙማን ላይ ኤ ኤስ ቪ የተባለው፣ ድጋፉን ከትንፋሹ ጋር እያስተካከለ የሚነፋ ማሽን በልብ ሕመም የሚመጣ ሞትን ጨምሯል።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ማሽኑ መተኛትዎን አያውቅም። ነቅተው ሲገላበጡ ትንፋሽ ከያዙ እንደ ማዕከላዊ መቋረጥ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ከድምሩ ይልቅ በስንት ሰዓት እንደተከሰተ ይመልከቱ። ኤስዲ ካርድ ላለው ማሽን ኦስካር የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሌሊቱን በደቂቃ ዘርዝሮ ያሳያል።

አውቶውን ከ4 እስከ 20 ክፍት መተው

አውቶ ማሽኑ ግፊቱን በሁለት ገደቦች መካከል ራሱ የሚቀይርበት አሠራር ነው፤ ሁሉን ራሱ ይጨርሰዋል ማለት ግን አይደለም። ማሽኑ ግፊት የሚጨምረው ማንኮራፋት ወይም የአየሩ ፍሰት መጥበብ ሲያይ ነው፤ ከ4 ተነሥቶ የሚፈለገው 11 ላይ እስኪደርስ ጉሮሮው ብዙ ጊዜ ተዘግቷል። በተለይ በጀርባ ተኝተው ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል መዘጋቱ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ብዙ አዋቂዎችም በ4 አየር ያጠራቸዋል፤ ማስኩን አውልቀው የሚጥሉት ለዚህ ነው።

ሬስሜድ የ95%፣ ፊሊፕስ የ90% ግፊት ይጽፋሉ። የ95% ግፊት 11 ነው ማለት ከሌሊቱ 95% የሚሆነውን ጊዜ ግፊቱ 11 ወይም ከዚያ በታች ነበር ማለት ነው። በአብዛኞቹ ሌሊቶች መካከለኛ ግፊቱ 9፣ የ95% ደግሞ 11 የሆነበት ሰው ዝቅተኛውን በአንድ በአንድ እየጨመረ ወደ 8 ወይም 9፣ ከፍተኛውን ወደ 13 ማምጣቱ ምክንያታዊ ነው። ይህን ግን በአንድ ሌሊት ቁጥር አይወስኑ። ሁለት ቢራ የተጠጣበት ወይም አፍንጫ የተዘጋበት ሌሊት ሌላ ቁጥር ይሰጣል።

አጫጭሮቹ

በአንድ ሌሊት ሁለት ነገር መቀየር፦ የትኛው እንደሠራ በጭራሽ አይታወቅም። በ0.5 ወይም በ1 ይቀይሩ፣ ሳምንት ይጠብቁ፣ ቀኑን ይጻፉ።

ራምፕን፣ ማለትም ግፊቱ ከዝቅተኛ ተነሥቶ ቀስ በቀስ የሚወጣበትን ጊዜ፣ 45 ደቂቃ ላይ መርሳት፦ ለሽንት በተነሡ ቁጥር እንደገና ከተጫነ የሌሊቱ ግማሽ ያለ ሕክምና ያልፋል። መነሻውን ከ4 ወደ 6 ወይም 7 ከፍ፣ ጊዜውን ወደ 15 ደቂቃ ዝቅ ያድርጉ።

የማስተንፈሻ ማቅለያውን ሳያስሉ መክፈት፦ ትንፋሽ ሲያስወጡ ግፊቱን የሚቀንሰው ነው፤ ሬስሜድ ላይ ኢ ፒ አር ይባላል። ግፊቱ 8፣ ኢ ፒ አሩ 3 ከሆነ ሲያስወጡ ያለዎት 5 ብቻ ነው፤ ጉሮሮ ደግሞ ሊዘጋ የሚችለው ትንፋሽ ወጥቶ ሲያልቅ ነው። ከተከፈተ በኋላ የመዘጋት ቁጥር ከጨመረ ወደ 1 ይመልሱት።

በግሳትና በሆድ መነፋት መታገሥ፦ አየር እየዋጡ ነው። ከፍተኛውን ግፊት በ1 ዝቅ አድርገው ይዩት፤ አብሮ ኤ ኤች አዩ ካሻቀበ ይመልሱትና ለሐኪሙ ይንገሩ።

የእንቅልፍ ላብራቶሪውን የግፊት ቁጥር እንደ ዕድሜ ልክ ፍርድ መያዝ፦ እዚያ ከ4 ተነሥቶ ቢያንስ በ5 ደቂቃ ልዩነት እየተጨመረ ነው የሚገኘው። በዚያ ሌሊት በጀርባዎ ተኝተው ሕልም ያላዩ ከሆነ ቁጥሩ ለቤት ላይበቃ ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ ያንን ይፈልጉ። ክብደትዎ በ10% ከተለወጠም እንደገና ይታይ።

ከውጭ የመጣን ማሽን እንዳለ መጠቀም

አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ያገለገለ ማሽን ውስጥ የሌላ ሰው ግፊት አለ። የሌላ ሰው መነጽር ያለ ምርመራ እንደማይደረግ ሁሉ ይህም አይደረግም። ፊሊፕስ ድሪምስቴሽን ከሆነ ውስጡ ያለው የድምፅ መከላከያ ስፖንጅ ስለሚበጣጠስ ኩባንያው በጁን 2021 ብዙ ሞዴሎችን ጠርቷል፤ መለያ ቁጥሩ ሳይጣራ አይተንፈሱበት። የቻርጀሩን ጀርባም ያንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ለእኛ 220 ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ግን ከፍታን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ከፍታን የማያውቅ ማሽን ከተጻፈው ያነሰ ግፊት ይሰጣል። አዳዲሶቹ ራሳቸው ያካክሳሉ፤ እሱም ገደብ አለው። ለምሳሌ የሬስሜዱ ኤርሴንስ 10 እስከ 2,591 ሜትር ድረስ እንዲሠራ የተበጀ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከዚያ ትበልጣለች። ድሮ በተሠሩት ሜኑ ውስጥ ከፍታ የሚል መስመር ካለ መጀመሪያ የሚስተካከለው እሱ ነው፤ ግፊቱ ከዚያ በኋላ።